ከዱባይ ለሚመጣ ሻንጣ አምስት የፒኤስ 4 ዲስክ ምረጡልኝ

የልጆቹ እናት (ሰሚት)፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ያገለገለ ፒኤስ 4 (ፕሌይስቴሽን) ስሊም አለን፣ 500 ጊጋ፣ ከሁለት ጆይስቲክ ጋር። አብሮት የመጣው ዲስክ አንድ የቆየ ፊፋ ብቻ ስለሆነ ልጆቹ ሰልችቷቸዋል። ዱባይ ያለው ወንድሜ በሚቀጥለው ወር ሲመጣ አምስት ዲስክ ሊገዛላቸው ቃል ገብቷል፤ «ስሙን ብቻ ላኪልኝ» ይላል። ትልቁ ወንድ ነው፣ 13 ዓመቱ። ታናሿ 8።

ቤታችን የመስመር ኢንተርኔት የለም፣ በስልክ ዳታ ነው የምንኖረው። የመብራቱን ነገር እናንተም ታውቁታላችሁ። «ምርጥ የፒኤስ 4 ጌሞች» ብዬ ስፈልግ ከላይ የሚደረደሩት ሁሉ ደም በደም ናቸው። ልጁን ብጠይቀው ጂቲኤ ብሎ ድርቅ አለ። ሁለቱ አብረው የሚጫወቱት ነገር ባገኝ ደስታዬ ነው፤ አሁን «በተራ» ይባላል እንጂ ተራው ሁሌ የትልቁ ነው። ምን ላስመጣ?

አቡሽ 22፦

እህቴ ለምን ገንዘብሽን ትጨርሺያለሽ? ጄልብሬክ አስደርገሽ (የማሽኑን ጥበቃ አሰብረሽ) ሃርድ ዲስኩን ሙሉ ጌም ማስጫን ነዋ! አንድ ዲስክ በምትገዢበት ብር ስንትና ስንት ጌም ይጭኑልሻል። እኔ ከፒኤስ 3 ጀምሮ አንድም ዲስክ ገዝቼ አላውቅም ሃሃሃ

ጠጋኙ (መርካቶ)፦

አቡሽ፣ የእኔም ሱቅ በር ላይ «ጌም እንጭናለን» የሚል ተለጥፏል፣ ስለዚህ የምናገረው ከቅናት አይደለም። ለእሷ ቤት ግን አልመክርም። ጄልብሬክ የሚሠራው በቆየ የሲስተም ሶፍትዌር ላይ ነው። አንዴ ከተደረገ አፕዴት የለም፤ ልጁ ሳያውቅ «አፕዴት» የምትለዋን ከነካት ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ። ኦንላይን ከወጣ አካውንቱም ማሽኑም ሊታገድ ይችላል። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን መብራት ነው። ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ በተነሳ ቁጥር ጄልብሬኩን እንደ አዲስ ማስነሳት ያስፈልጋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁን የሚሞሉት ይህ ያቃታቸው ወላጆች ናቸው። የሰው ልፋት በነፃ መውሰዱን ገና ሳናነሳ ማለት ነው።

ሌላም የታዘብኩት ነገር አለ። ሃርድ ዲስኩ እስኪሞላ የተጫነለት ልጅ አንዱንም አይጨርስም። እዚህም እዚያም ትንሽ ይነካካና ተመልሶ ፊፋ ላይ ነው። ዲስክ የተገዛለት ግን ሌላ ስለሌለው ይታገለዋል፣ ሲታገለውም ይወደዋል። አጎትየው ዲስክ ላምጣ ካለ ዲስክ ያምጣ።

ዲስክ ሰብሳቢ፦

ስለ ጌሙ ጥሩነት ከማውራታችን በፊት ያለ ኢንተርኔት መነሳቱን እናጣራ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

ፒኤስ 4 ላይ ዲስክ ስታስገቢ ጌሙ መጀመሪያ ወደ ሃርድ ዲስክ ይገለበጣል፤ ከዚያ በኋላም በተጫወቱ ቁጥር ዲስኩ ውስጥ መኖር አለበት። ጣጣው አንዳንዱ ዲስክ ጌሙን ሙሉ አለመያዙ ነው። ስፓይሮ ሪኢግናይትድ ትሪሎጂን ውሰጂ፣ 2018 የወጣ። ዘንዶዋን ስታይ «ይቺማ ለታናሿ ነች» ትያለሽ፤ ሽፋኑም ሦስት ጌም ብሎ ነው የሚሸጠው። ዲስኩ ላይ ሙሉ ሆኖ የሚገኘው ግን የመጀመሪያው ብቻ ነው፣ የቀሩትን ከኢንተርኔት አውርዱ ይላል። በስልክ ዳታ! ክራሽ ባንዲኩት ኤን ሴን ትሪሎጂ (2017) ላይ ደግሞ ሦስቱም ዲስኩ ላይ አሉ። መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ቢቆሙ ልዩነታቸውን የሚነግርሽ ሻጭ አታገኚም።

መኪና ለልጅ ይመቻል ተብሎ ግራን ቱሪስሞ 7 እንዳይመጣ። ዋናው ጨዋታ ከሰርቨር ጋር ካልተገናኘ አይከፈትም። ማርች 2022 ላይ ሰርቨሩ ለጥገና ተብሎ ከ30 ሰዓት በላይ ሲዘጋ፣ ዲስኩን በገንዘቡ የገዛው ሰው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ነው የጠበቀው። ዘ ክሩ የሚባለውማ ጭራሽ ሞቷል። 2014 የወጣ የመኪና ጌም ነው፤ ኩባንያው ዩቢሶፍት ሰርቨሩን ማርች 31 ቀን 2024 ሲዘጋው ዲስኩ ከቤት ያለውም ሰው መጫወት አልቻለም። አውሮፓ ውስጥ «የገዛነውን ጌም አትግደሉብን» የሚል የፊርማ ዘመቻ ተነስቶ ከአንድ ሚሊዮን ፊርማ ያለፈው ከዚህ በኋላ ነው። ኦቨርዋች እና ዴስቲኒ 2ም ያለ ኢንተርኔት ባዶ ሳጥን ናቸው።

ዳዝ ኢት ፕሌይ የሚባል ድረ ገጽ አለ። ሰዎች ዲስኩን ያለ ኢንተርኔት ሞክረው ምን ድረስ እንደሄደ የሚመዘግቡበት ነው። ወንድምሽ ሱቁ ውስጥ ቆሞ በስልኩ ቢያየው ጥሩ ነው፤ እዚያ ደግሞ ኔቱ አይቸግረውም።

የእኔ ዝርዝር፦ ለሁለቱ አንድ ላይ ሬይማን ሌጀንድስ፣ ክራሽ ቲም ሬሲንግ ናይትሮ ፊውልድ እና ኢት ቴክስ ቱ። ለትልቁ ለብቻው የ2018ቱ ስፓይደርማን። ለታናሿ ለብቻዋ የ2016ቱ ራቼት ኤንድ ክላንክ። ክራሽ ቲም ሬሲንግ ቲቪውን ለሁለት፣ ሲያስፈልግም ለአራት ከፍሎ ያሽቀዳድማል፣ ስለዚህ የተራ ጭቅጭቁ እዚያው ያልቃል።

ብር ቆጣቢ፦

አምስት ብቻ ከሆነ በሰዓት ማስላት ነው የሚያዋጣው። ስፓይደርማን ዋናው ታሪክ 20 ሰዓት አይሞላም። ዊቸር 3 ታሪኩ ብቻ 50 ሰዓት አካባቢ ነው፣ ሁለቱ ማስፋፊያዎች ያሉበትን ካገኛችሁ ከ100 ያልፋል። ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2ም የዋዛ አይደለም። ሁለት ዲስክ ዓመቱን ሙሉ ያቆያቸዋል።

መምህሩ፦

ብር ቆጣቢ፣ ጥያቄውን ያነበብከው አልመሰለኝም። የጠቀስካቸው ሁለቱም ከ18 ዓመት በላይ የተባሉ ናቸው፣ ልጆቹ 13 እና 8 ናቸው። ሬድ ዴድ ደግሞ በሁለት ዲስክ የሚመጣና ሲጫን ከ100 ጊጋ በላይ የሚወስድ ነው። 500 ጊጋ የተባለው ፒኤስ 4 ለጌም የሚተርፈው 400 ገደማ ስለሆነ አንዱ ጌም ብቻ ሩቡን ቦታ ወሰደ ማለት ነው።

በሰዓት መለካቱን ራሱ አልወደውም። በትምህርት ቀን አንድ ሰዓት የሚፈቀድለት ልጅ ዊቸርን ሲጀምር፣ ፈረሱን፣ ሰይፉን፣ መድኃኒት ቅመማውን ተምሮ የመጀመሪያውን አገር ሳይለቅ ሴሚስተሩ ያልቃል። ፈተና ደርሶ ተቋርጦ ሲመለስ የት እንደነበረ ረስቶታል። በዚህ ዕድሜ ጀምሮ የሚጨርሰው ታሪክ ይሻለዋል። 15 ሰዓት ሆኖ የሚያልቅ ጌም የገንዘብ ኪሳራ ነው ብዬ አላምንም።

እናትየዋ፣ ስለ ጂቲኤ 5 ልጅዎ ከጠየቀዎ ቁርጥ ያለ መልስ እንዲኖርዎ ልንገርዎ። ጌሙ ውስጥ ተጫዋቹ መሣሪያ እየመረጠ ታስሮ የተቀመጠ ሰው የሚያሰቃይበት ምዕራፍ አለ። ካሜራው ዘወር አይልም፣ ቁልፉን የሚጫነውም ልጅዎ ራሱ ነው። ሰፈር ጌም ዞን ገብቶ ሊያየው ይችላል፣ ልክ ነው። እርስዎ ገዝተው ሳሎን ሲያስገቡት ግን ፈቀዱለት ማለት ነው። ደግሞ ብዙ ልጅ ጂቲኤን የሚፈልገው ትልቅ ከተማ ውስጥ እንዳሻው ለመዞር ነው። ስፓይደርማን ማንሃተንን ከዳር እስከ ዳር ይሰጠዋል፤ ተልእኮውን ትቶ ከፎቅ ፎቅ እየተወነጨፈ ቢውል የሚከለክለው የለም። ሽፋኑ ላይ የአውሮፓው የዕድሜ ደረጃ፣ ፔጊ፣ 16 ሲል የአሜሪካው ደረጃ ደግሞ ከ13 ጀምሮ ይላል፤ ድብድብ አለው፣ ደም የሚረጭ ግን አይደለም። አንድ ቀን አብረውት ተቀምጠው አይተው ይወስኑ።

ሳሮን ከአዳማ፦

ሬይማንን እኔም እደግፋለሁ፣ ምክንያቴ ግን ትንሽ ለየት ይላል። ትልቅና ትንሽ አብረው ሲጫወቱ ትንሿ ቶሎ ቶሎ ትሞታለች። በብዙ ጌም ያኔ ጨዋታው ይቆማል፣ ትልቁም «አበላሸሽብኝ» ይላል። ሬይማን ላይ የሞተችው እንደ ፊኛ ተነፍታ በአየር ላይ ትንሳፈፋለች፤ ወንድሟ ደርሶ በጥፊ ሲላት ነፍስ ትዘራና ሩጫው ይቀጥላል። የእኔ ታናሽ ለጥፊው ስትል ሆን ብላ ነበር የምትሞተው። በየዓለሙ መጨረሻ ደግሞ የሙዚቃ ደረጃ አለ፤ ዝላዩና ቡጢው ሁሉ ከምቱ ጋር ይገጥማል፣ ጆሮ ያለው ልጅ ዓይኑን ጨፍኖም የሚሄደው ይመስላል።

ኢት ቴክስ ቱ ላይ ግን ቆም በሉ። በጣም ጥሩ ጌም ነው፤ 2021 የዓመቱ ምርጥ ተብሎ የተሸለመውም በሚገባው ነው። ብቻን መጫወት አይቻልም፣ ሁለት ሰው የግድ ነው፤ አንዱ ሚስማር ሲወረውር ሌላው በመዶሻ እየተንጠለጠለ ይሻገራል። ታሪኩ ግን ሊፋቱ ስለተስማሙ ባልና ሚስት ነው። ወደ አሻንጉሊትነት ተለውጠዋል፣ የልጃቸው እንባ ቢነካን ሰው እንሆናለን ብለው ያስባሉ። ስለዚህ ልጅቷ የምትወዳትን የዝሆን አሻንጉሊት ሊያጠፉባት ይሄዳሉ። ዝሆኗ ትለምናቸዋለች፣ ይቅርታ እያሉ በእግሯ ይጎትቷታል፣ ጆሮዋ ይቀደዳል። ጎታቾቹ ደግሞ እናንተ ናችሁ፣ ቁልፉን ሳትጫኑ ወደፊት አይሄድም። እህቴ እዚያ ላይ ጆይስቲኩን አስቀምጣ ወጣች። ፔጊ 12 የተባለው በከንቱ አይደለም። ለ8 ዓመት ልጅ አይሆንም፤ ለትልቁና ለአንቺ ግን አስመጪው። «እኔ ጌም አልችልም» አትበይ፣ ወድቀሽ መነሳቱ ወዲያው ነው፣ ስትስቺ የምታጪው ነገር የለም።

ለሁለቱ ልጆች በምትኩ ኦቨርኩክድ ኦል ዩ ካን ኢት ይምጣ። ወጥ ቤት ውስጥ እየተጋጩ ምግብ ማድረስ ነው፤ ጊዜውን የሚያራዝም ቀለል ያለ አማራጭም አለው። ማስጠንቀቂያ፦ ጩኸት አለበት።

ዲስክ ሰብሳቢ፦

ሳሮን ስለ ዝሆኗ ትክክል ነሽ፣ ለታናሿ ይነሳ።

ከሜሪላንድ፦

እኔ ብሆን ማሽኑን ሸጬ ኒንቴንዶ ስዊች ነው የምገዛው። መብራት ሲጠፋ ባትሪ አለው፣ ከቲቪው ነቅለሽ በእጅ ትቀጥያለሽ። ማሪዮ ካርት 8 ብቻውን የቤተሰብ ጌም ነው፤ ለትንንሾች መኪናው ከመንገድ እንዳይወጣ የሚይዝ እገዛም አለው። እዚህ የአበሻ ቤት ሁሉ ልደት ላይ እሱ ነው የሚከፈተው።

ጠጋኙ (መርካቶ)፦

ስዊች ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግን የኒንቴንዶ ጌም ዋጋው አይወርድም፣ ከወጣ ዓመታት ያለፈውም እንደ አዲስ ነው የሚሸጠው። የፒኤስ 4 ዲስክ ያገለገለውን መለዋወጥም ይቻላል፤ እዚህ ጓደኛ ከጓደኛ የሚዋዋሰው እሱን ነው። ያላትን ይዛ ትቀጥል። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ ግዙ የሚል ሰው ከመጣም ከወዲሁ ልንገረው፦ የዲስክ ማስገቢያ የለውም።

አቡሽ 22፦

እሺ ኳሱስ?! ያለ ኳስ ፒኤስ ምኑን ፒኤስ ሆነ። ኤፍሲ 26 (የፊፋ ጌም አዲሱ ስሙ) ይምጣ፣ የቀረውን እናንተ ተከፋፈሉት።

ዲስክ ሰብሳቢ፦

ኤፍሲ 26 ለፒኤስ 4ም ወጥቷል። ነገር ግን ከፊፋ 22 ጀምሮ ሃይፐርሞሽን የተባለው አዲሱ የተጫዋቾች እንቅስቃሴ የገባው ለፒኤስ 5 እና ለአዲሶቹ ኤክስቦክሶች ነው። ፒኤስ 4 ላይ በየዓመቱ በሙሉ ዋጋ የሚሸጥልህ በአብዛኛው ዝውውርና ማልያ ነው። አልቲሜት ቲም (የራስን ቡድን የሚገነቡበት ክፍል) ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም፤ ሌላው የኳስ ጌም፣ ድሮ ፔስ የነበረው ኢፉትቦልም ነፃ ይባል እንጂ በዳታ ነው የሚኖረው። ኳስ የግድ ከሆነ ያገለገለ ፊፋ 23 እዚሁ ትፈልግ፤ ከዚህ ተከታታይ በፊፋ ስም የወጣው የመጨረሻው ነው፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ የሴቶች ክለቦችም አሉበት። ከአምስቱ የሻንጣ ቦታ አንዱን ለኳስ አላቃጥልም።

አቡሽ 22፦

ስኳዱ ያልታደሰ ኳስ ይዞ ጓደኞቹን ቤት ቢጠራ ሙድ ነው የሚያዝበት። 13 ዓመት ሆነህ አታውቅም መሰለኝ።

መምህሩ፦

በዚህስ አቡሽ አልተሳሳተም። የልጅ ክብር ቀላል ነገር አይደለም።

ታሪክ ወዳዱ፦

ትንሽ ከመንገድ ልውጣ። ልጁ ታሪክ የሚወድ ከሆነ ሲቪላይዜሽን 6 (አገር እየመሩ የሚጫወቱት ጌም) ላይ ኢትዮጵያ አለች፣ መሪዋ ዳግማዊ ምኒልክ። 2020 በተጨማሪ ጥቅል የገባች ናት። ያሰቡበት ይመስላል፦ ልዩ ጦሯ የኦሮሞ ፈረሰኞች፣ ልዩ ግንባታዋ ከዐለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከተማህን ኮረብታ ላይ ከቆረቆርክ ከእምነት ነጥብህ ላይ ለሳይንስና ለባህልም ይታሰብልሃል፤ ስለዚህ ሌላው ሜዳ ሜዳውን ሲሻማ አንተ ደጋውን ትይዛለህ። በፒሲው ሲቪላይዜሽን 5 ላይ ደግሞ መሪው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ።

ዲስክ ሰብሳቢ፦

ጌሙ ግሩም ነው። ግን የኢትዮጵያ ጥቅል ዲስኩ ላይ የለም፣ ተገዝቶ የሚወርድ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ነገር አለ። ኢትዮጵያ በፒኤስኤን (የፕሌይስቴሽን የኦንላይን አገልግሎት) የአገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሌለች ሁላችንም አካውንት የምንከፍተው በሌላ አገር ስም ነው። ዲስኩ በየትኛውም አገር ማሽን ላይ ይሠራል፤ ተጨማሪ ጥቅሉ ግን ከዲስኩ ክልል ጋር ካልተመሳሰለ አይገጥምም። ዲስኩ ከዱባይ፣ አካውንቱ የአሜሪካ ከሆነ ምኒልክን ከፍለህባቸው አታገኛቸውም።

«ኮምፕሊት» ወይም «ጌም ኦፍ ዘ ይር» የሚል ሽፋን ላይም እንዲሁ ጠንቀቅ በሉ። አንዳንዱ ማስፋፊያውን ዲስኩ ላይ ይዟል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ የኮድ ወረቀት ነው ያለው። ያገለገለ ከሆነ ኮዱን የመጀመሪያው ባለቤት ተጠቅሞበታል።

የልጆቹ እናት (ሰሚት)፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። እስካሁን የጻፍኩት፦ ሬይማን፣ ክራሽ ቲም ሬሲንግ፣ ስፓይደርማን፣ ራቼት። አምስተኛው ላይ ኢት ቴክስ ቱ እና ኦቨርኩክድ ተፋጠውብኛል። የሳሮንን ጽሑፍ ለልጁ አነበብኩለት፤ ዝሆኗ ጋ ስደርስ «እሱን እንግዛ» አለ፣ ምን እንደምል አላውቅም። ጂቲኤን በስፓይደርማን ለውጧል፣ ፊት ባያሳይም።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። አንደኛው ጆይስቲክ ሳይነኩት ሰውየውን ወደ ግራ ይወስደዋል። ይሠራል ወይስ ወንድሜ አዲስ ያምጣ? ሁለተኛ፣ መብራት እየተጫወቱ ሲጠፋ እንደገና ስንከፍተው አንዳንዴ ነጭ ጽሑፍ አውጥቶ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ሊበላሽ ነው እንዴ?

ጠጋኙ (መርካቶ)፦

ጽሑፉ ሃርድ ዲስኩን እያጣራ ነው፣ አትደንግጪ፣ እስኪጨርስ አትንኪው። ሳይጠፋ መብራቱ ስለተቋረጠበት ነው። ልጆቹ «ሬስት ሞድ» (ሙሉ ሳይጠፋ የሚያንቀላፋበት) ላይ አድርገው ትተውት አይሂዱ፤ በዚያ ላይ እያለ መብራት ቢጠፋም ያው ነው። አጥፍቶ መሄድ። አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ከኖረሽ ቲቪውንና ማሽኑን አንድ ላይ ሰክተሽ፣ ሲጮህ ሴቭ አድርገው ይዘጋሉ። ሌሊቱን ሊያስጫውታችሁ አይደለም፣ ለመዝጊያ ያህል ነው።

ጆይስቲኩ የአናሎጉ (በአውራ ጣት የሚገፋው ዱላ) ችግር ነው፣ ብዙ ጊዜ አቧራ ወይም ያለቀ ክፍል ነው፣ ይቀየራል፣ ሙሉ ጆይስቲክ ከመግዛት በብዙ ይረክሳል። ከዱባይ ይምጣ ካልሽም ይምጣ፣ ግን አስመስለው የተሠሩት ብዙ ናቸው፤ ከታወቀ ሱቅ ይግዛ፣ እጅግ ረከሰ ካሉት ይለፈው።

ስለ ዲስኮቹ፦ ብሉሬይ ስለሆኑ መረጃው ያለው ከገጹ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ገብቶ ነው። ድሮ ዲቪዲ እንደምናስፈግፈው አይፈገፈግም፣ ጠለቅ ብሎ ከተጫረ ሄደ ማለት ነው። ከሳጥኑ ሲወጣ ወደ ማሽኑ፣ ከማሽኑ ወደ ሳጥኑ። ቲቪ ላይ በጀርባው ማጋደም የለም።

ሳሮን ከአዳማ፦

ልጁ ራሱ ካለ ኢት ቴክስ ቱ ይሁን! ታናሿ ስትተኛ ክፈቱት። ኦቨርኩክድን ለልደቷ ትፈልጊላታለሽ።

ዲስክ ሰብሳቢ፦

ለወንድምሽ ስሙን ጽፈሽ አትላኪለት፣ የሽፋኑን ፎቶ ላኪለት። «ራቼት ኤንድ ክላንክ ስጠኝ» ካለ የሚያቀርቡለት የ2021ዱን ሪፍት አፓርት ሊሆን ይችላል፤ እሱ የፒኤስ 5 ነው፣ እናንተ ጋ አይነሳም። ስፓይደርማንም ሁለት ሦስት ዓይነት አለው፤ ማይልስ ሞራሌስ የሚለው ለፒኤስ 4ም ወጥቷል፣ ጥሩም ነው፣ ግን አጭር ነው፣ የመጀመሪያውን ካልተጫወተ ታሪኩ ይጎድልበታል። ሁለተኛ ክፍሉ ደግሞ ፒኤስ 4 ላይ የለም። ሳጥኑን ከላይ በኩል ያለውን መስመር ይየው፦ ሰማያዊ ከሆነ የእናንተ ነው፣ ነጭ ከሆነ የፒኤስ 5 ነው፣ ይመልሰው።